ጋሽ በላቸው፣ እባክዎ አይነሱ!

ባለጌ በሽተኛ ማስታመም ቀላል ነው። ቢሳደብ ዝም ትላላችሁ፣ ሳህን ቢወረውር ጎንበስ ትላላችሁ፣ አለቀ ደቀቀ። ጨዋ በሽተኛ አስታማችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስታምሜያለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ ድረስ ወንበር ላይ የምቀመጠው መጀመሪያ በእጄ ተደግፌ፣ ቀጥሎ በአንድ ጎኔ፣ በመጨረሻም "በስመአብ" ብዬ ነው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ። እናንተ እንደ ልባችሁ ቁጭ ማለት የምትችሉ ሰዎች ስለሆናችሁ የሚያስቸኩላችሁ ነገር የለም።

ሰውየው አማቴ ናቸው፤ የባለቤቴ የሰናይት አባት። ጋሽ በላቸው እንላቸዋለን። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የኮምባይነር ሹፌር ነበሩ። ከሲናና እስከ አጋርፋ፣ ከጋሰራ እስከ ጎሮ ስንዴውን ያላጨዱለት ገበሬ ካለ እሱ ሰውዬ ድንች ተክሎ መሆን አለበት። ስለዚህ ከሮቤም ከጎባም ከገጠሩም የሚያውቃቸው ሰው ልክ የለውም።

ታዲያ ሰው ሁሉ የሚያወሳላቸው አጨዳቸውን አይደለም፤ መነሳታቸውን ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ሁላችንም "ኖር!" ብለን ብድግ እንላለን፤ ገቢውም "በእግዜር!" ይለናል፤ እንቀመጣለን። ከእኛ መካከል ደግሞ መቀመጫውን ከወንበሩ ትንሽ ለቀቅ አድርጎ "ኖር" የሚል አለ፤ ራሴን ነው የምላችሁ። ጋሽ በላቸው ግን ሙሉ ለሙሉ ነው የሚነሱት፤ ደግሞ ለማንም ነው። ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ብትመጣ ይነሳሉ። ኮምባይነር ላይ ሆነው እንኳ በማሳው ዳር ሽማግሌ ካለፈ መሪውን እንደያዙ ብድግ ይሉ ነበር አሉ። በዚህ ምክንያት ቀጥ ብሎ ሲሄድ የነበረው አጨዳ መሃል ላይ ሲወላገድ ያየ ገበሬ "እዚህ ጋ ደግሞ ማን አለፈ?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ አይቆጣም።

ሆስፒታል የገቡትም በዚሁ ጣጣ ነው። ክረምት ነው፤ ጎባ ዝናቧን ታወርደዋለች። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ የመብራት ቆጣሪ የሚያነብ ሠራተኛ በአጥሩ በር ብቅ አለ። "ኖር!" ብለው ሲነሱ እርጥቡ ሲሚንቶ አንሸራተታቸው። ዳሌያቸው ተሰነጠቀ። ሠራተኛው ከድንጋጤው የተነሳ "በእግዜር" ማለቱንም ቆጣሪ ማንበቡንም ረስቶ ሰው ሊጠራ ሮጠ።

የጎባው ሆስፒታል ምንም አላጠፋም፤ ከዚህ በታች የምታነቡት ጥፋት በሙሉ የኔ ነው። ሐኪሞቹ አጥንቱን በብረት አያይዘው፣ አልጋ ላይ አስተኝተው፣ በክፍሉ ነርስ በሲስተር ጫልቱ አማካይነት ለእኔ ለአስታማሚው አንዲት ቀላል ትእዛዝ ሰጡኝ።

"አባባ ብቻቸውን እንዳይነሱ" አለችኝ ሲስተር ጫልቱ። "መድኃኒቱ ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል። ዳሌያቸው ደግሞ ገና ነው። አሁን ከወደቁ ዳግመኛ በእግራቸው መሄዳቸውን እርሳው። ገባህ ወንድሜ?"

ገባኝ። እንዲያውም ከሚገባው በላይ ገባኝ። ጋሽ በላቸው ያለ እግር ምን እንደሚሆኑ አሰብኩ። ለሌላው ሰው እግር መሄጃ ነው፤ ለእሳቸው ሰው ማክበሪያቸው ነው። ሰናይት ደግሞ እጄን ይዛ "አባዬን አደራ" አለችኝ። ክፍሉ የወንዶች ስለሆነ አብሮ የሚውለውና የሚያድረው እኔ ነበርኩ፤ እሷ ምግብ ታመላልሳለች።

"እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሻል?" አልኳት። እኔ ሮቤ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ የምውል፣ በመቀመጥ የተካንኩ ሰው ነኝ። አንድን ሽማግሌ ቁጭ እንዲሉልኝ ማድረግ ምን ያቅተኛል?

መጀመሪያ የመጡት የሲናናው ገበሬ ሐጂ አማን ናቸው። የጋሽ በላቸው የልብ ወዳጅ ናቸው፤ በየመኸሩ ከእሳቸው በቀር ማሳቸውን ለሰው ሰጥተው አያውቁም። በቅቤ የራሰ የገብስ ጩኮ በዕቃ ይዘው፣ ምርኩዛቸውን እያንኳኩ በሩ ላይ ደረሱ።

"አሰላሙ አለይኩም! ያ በላቸው፣ አካም ጂርታ?"

"ኖር፣ ሐጂ!"

የአልጋውን የዳር መከለያ ብረት ከፍ አድርጌ ቆልፌው ነበር። ግን ዕድሜ ልካቸውን ኮምባይነር ሲፈቱና ሲገጥሙ ለኖሩ ሰው የአልጋ ብረት ምናቸው ነው? ቀና ብዬ ሳይ መከለያው ወርዷል፤ አንድ እግራቸው መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ተወርውሬ ደረታቸውን ያዝኩ። ሐጂ አማንም በበኩላቸው "ሂን ካኢን! ወላሂ አትነሳም!" እያሉ ከወዲያ ትከሻቸውን ተጫኗቸው። ጋሽ በላቸው በሁለታችን መሃል ሆነው ይቅርታ ይጠይቃሉ። የጠያቂው ሁሉ ጥየቃ እንደዚህ እንደ ድብድብ ከጀመረ መጨረሻችን ምን ሊሆን ነው ብዬ ፈራሁ።

ስለዚህ በር ላይ ቆሜ ማስጠንቀቅ ጀመርኩ። ለመጣው ሰው ሁሉ "አደራ፣ እንዳይነሱ ይበሉልኝ" እላለሁ። የባሌ ሰው ደግሞ ይባረክ፣ አደራ ከሰጡት ሙሉ ኃይሉን ይጠቀማል። ገና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሳለ "እንዳይነሱ! ጋሽ በላቸው እንዳይነሱ! እባክዎ!" እያለ መጮህ ይጀምራል። ጋሽ በላቸውም እንግዳ እየመጣ መሆኑን ከሩቅ ሰምተው ይዘጋጃሉ። ቀድሞ እንግዳው በሩ ላይ ሲደርስ ነበር የሚነሱት፤ አሁን በእኔ ብልኃት ምክንያት ቀደም ብለው መነሳት ጀመሩ።

ቀጥሎ ሌላ ዘዴ መጣልኝ። ሰው ሲገባ ካላዩት አይነሱም፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ "ኖር" አይባልም። እንግዲህ ጠያቂዎቹ ጋሽ በላቸው እንቅልፍ ሲወስዳቸው በእግር ጣታቸው ገብተው፣ ቦታ ቦታቸውን ይዘው፣ ሲነቁ ተቀምጠው ይገኙ አልኩ። በዚህ ሐሳቤ በጣም ኮራሁ። ከምሳ በኋላ ሸለብ ሲያደርጋቸው ከጎሮ የመጡ ገበሬዎችን እየጠቀስኩ አስገባኋቸው። በአልጋው ዙሪያ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀመጡ። ጋሽ በላቸው ዓይናቸውን ገለጡ። አንድ በአንድ አዩዋቸው።

"ሞቼ ነው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ኧረ የለም ጋሼ! ጠያቂ ነው።"

"ጠያቂ ከሆነማ... ኖር!"

ያን ቀን ደግሞ ከየትኛውም ቀን ይበልጥ ፈጥነው ተነሱ፤ አለመሞታቸው ደስ ብሏቸው ይሁን እንጃ። ገበሬዎቹ አቅፈው መለሷቸው።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ስነግራችሁ አትፍረዱብኝ። ጋቢያቸውን ከደረታቸው በታች አልብሼ ጫፍና ጫፉን በፍራሹ ሥር ወትፌ ወትፌ አጠበቅኩት። ማሰር አይባልም፤ ማልበስ ነው፤ ትንሽ ጠንከር ያለ ማልበስ። እንግዳ ሲገባ ጋሽ በላቸው ለመነሳት ሲታገሉ ፍራሹ አብሯቸው ተነሳ። ፍራሽና ሰው አንድ ላይ ወደኔ ሲመጡ በሁለት እጄ ገፍቼ እንዴት እንደመለስኳቸው እኔና አምላክ ነን የምናውቀው። ድምፁን ሰምታ ሲስተር ጫልቱ ገባች። ጋቢውን ስትፈታው ከንፈሯን ነክሳ ነበር።

"ሰው ይታሰራል?" አለችኝ። "አስታማሚ ነህ ወይስ ዘበኛ? ከአጠገባቸው ተቀመጥ፣ ሲነሱ ደግፋቸው፣ ወለሉ እርጥብ እንዳይሆን ጠብቅ። ይኸው ነው ሥራህ። ሌላ ነገር አትፍጠር!"

እዚህ ላይ ብሰማት ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። እኔ ግን መፍጠሬን ቀጠልኩ።

ለካ ችግሩ ጋሽ በላቸው አይደሉም፤ ጠያቂው ነው። ጠያቂ ከሌለ መነሳት የለም። ጠያቂን ማስቀረት ደግሞ የኔ ሙያ ነው፤ ማስታወቂያ መሥራት! ሰናይት ምሳ ይዛ ስትመጣ "ትንሽ ጠብቂልኝ" ብያት በሚኒባስ ሮቤ ወረድኩና ሱቄን ከፍቼ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀመጥኩ። "አቶ በላቸው በሕክምና ላይ ስለሆኑ ወዳጅ ዘመድ ለጊዜው ወደ ክፍላቸው እንዳይገባ በአክብሮት እንጠይቃለን" ብዬ በአማርኛም በኦሮምኛም ጻፍኩ። የትኛው በላቸው እንዳይባል ፎቶግራፋቸውን አስገባሁ፤ ያውም ሙሉ ልብስና ክራባት ያደረጉበትን።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለሰው ስነግር አያምኑኝም። በእኔ ሱቅ ፎቶግራፍ ያለበት ማስታወቂያ የሚያሠራ ሰው ማን ነው? ሐዘንተኛ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ቅርጽ የሐዘን ነው፤ ዙሪያው ወፍራም ጥቁር፣ ከላይ በግራና በቀኝ ሻማ። እንደ አዲስ ከመጀመር ይሻላል ብዬ በእሱ ላይ ሠራሁት። ደግሞ ምንም አላሰብኩም እንዳትሉኝ፤ አስቤበታለሁ። ሻማዎቹን አጥፍቻቸዋለሁ! ገና በሕይወት ላለ ሰው ሻማ ምን ይሠራል ብዬ። ጥቁሩን ግን ፎቶግራፉን አጉልቶ አሳመረው ብዬ ተውኩት።

አትሜ አትሜ ለጠፍኩት። በክፍሉ በር ላይ፣ በግቢው መግቢያ፣ ጎባ ቤታቸው አጠገብ ካለው የመብራት ምሰሶ ላይ። ከዚያም ሰው ከመነሻው ይመለስ እንጂ ለምን ጎባ ድረስ ይደክማል ብዬ ሮቤ መናኸሪያ። የጥበቃ ሠራተኛውንም "ጋሽ በላቸውን ብሎ የመጣ ሰው እንዳታስገባ" ብዬ ለመንኩት። ወደ ክፍሉ ተመልሼ በሰላም ተቀመጥኩ። እውነትም ያን ዕለት ከሰዓት ማንም አልመጣም። ሰው ሁሉ ነጠላውን እያዘቀዘቀ መሆኑን በምን ልወቅ?

በማግሥቱ ጠዋት ሰናይት ደወለች።

"አባዬ እንዴት ነው?"

"ደህና ተኝተዋል።"

"ተኝቷል?" አለችና ድምፅዋ ተቆረጠ። "አቶ ሽፈራው ግቢያችን ውስጥ ድንኳን እየተከሉ ነው!"

አቶ ሽፈራው የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሰው ሲሞት ከሟቹ ቤተሰብ ቀድመው ይደርሳሉ ይባልላቸዋል። አሁን ደግሞ ማንም ሳይሞት ደርሰው የድንኳኑን ቋሚ ከጋሪ ላይ እያወረዱ ነው። ስልኩን ይዤ ምን እንደምላት ሳስብ ከኮሪደሩ ወዲያ የዋይታ ድምፅ ሰማሁ። የጥበቃ ሠራተኛው እንኳንስ ሊከለክል ቆቡን አውልቆ አብሮ ያጅባቸው ነበር፤ ሬሳ ሊወስድ የመጣን ሰው ማን ይከለክላል?

ከፊት ሐጂ አማን ናቸው። "ያ በላቸው! ያ ኦቦሌሳ ኮ!" ይላሉ፤ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያሉ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ከኋላቸው ሮቤም አለ፣ ሲናናም አለ፣ አጋርፋም አለ። በሩ ተከፈተ።

ጋሽ በላቸው አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው አጥሚት ይጠጡ ነበር።

ሁሉም ባለበት ደረቀ። አንዲት ሴትዮ የጀመሩትን ዋይታ መጨረስም መተውም አቅቷቸው አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ጋሽ በላቸው ኩባያቸውን ዝቅ አድርገው የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ያበጠውን ዓይን አዩ።

"እናንተ ልጆች... ማን ሞቶብን ነው?"

የሚያዩት ደግሞ ተራ ጠያቂ አይደለም፤ ሐዘንተኛ ነው፤ ያውም ሽማግሌ ያለበት፣ ያውም ቆሞ የሚያለቅስ። ለዚህ ያልተነሳ ሰው ለማን ሊነሳ ነው? ኩባያውን ለቀው "ኖር! ኖር!" ብለው ብድግ አሉ።

እኔ ከወንበሬ ተወረወርኩ። ያ የለቀቁት ኩባያ አጥሚቱን ወለሉ ላይ አፍስሶት ነበር። ሲስተር ጫልቱ ወለሉ እርጥብ እንዳይሆን ጠብቅ ብላኝ አልነበር? ይኸውላችሁ እንግዲህ፣ ጠበቅኩት፤ በመቀመጫዬ። ሁለት እግሬ ወደ ጣሪያ ሄደ። የወደቅኩበት ድምፅ ሌላው ክፍል ድረስ ተሰማ። ቀና ስል ጋሽ በላቸው በአንድ ወገን በሐጂ አማን፣ በሌላ ወገን በአጋርፋ ሰዎች ተይዘው በክብር ቆመዋል። እንዲያውም ጎንበስ ብለው እያዩኝ "ኧረ ልጁን አንሱት!" ይላሉ።

ሲስተር ጫልቱ ሮጣ ደረሰች። "ማነው የወደቀው?"

"አስታማሚው" አሏት በአንድ ድምፅ።

ራጅ ተነሳሁ። የጭራ አጥንቴ አልተሰበረም፤ ተቀጥቅጧል። ሲስተር ጫልቱ መርፌዬን ወጋችኝና "ብቻህን እንዳትነሳ፤ ሰው ደግፎህ" ብላ አስጠነቀቀችኝ። ፊቷን አዙራ ስትስቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ሰናይት ግን አልሳቀችም። የማስታወቂያውን ወረቀት ከመብራት ምሰሶው ላይ ነቅላ ይዛው መጥታ ነበር፤ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ታያለች። "ሻማውን አጥፍቼዋለሁ እኮ" አልኳት። ይህን ባልል ኖሮ ምናልባት እስከ ማታ ትታረቀኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጠያቂ ቀረ። በማስታወቂያ ያላቆምኩትን በውርደት አቆምኩት። በቁሙ ያለቀሰለትን ሰው ፊት ለፊት ሊያይ የሚደፍር ጠፋ። ጋሽ በላቸው አይነሱ፣ እኔ አልሮጥ፣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ትራስ ላይ ጎኔን አሳርፌ ተቀምጬ "ይኸው፣ ተሳካልኝ" አልኩ። ቂልነቴ እስከዚህ ድረስ ነበር።

ጸጥታው ግን ጋሽ በላቸውንም ያዛቸው። መጀመሪያ ወሬ ቀነሱ። ቀጥሎ ምግብ። ከዚያ በሩን ማየት ተዉ።

ሐኪሞቹ "ጥሩ ነው፣ አሁን መነሳት ይጀምራሉ" ያሉት በዚህ መሃል ነው። ሲስተር ጫልቱ ባለ አራት እግር መደገፊያ ብረት ይዛ መጣች።

"ተነሱ እስቲ አባባ። ቀስ ብለን።"

"ማን መጣ?" አሉ።

"ማንም አልመጣም። ለራስዎ ነው።"

"ለራሴ?" አሏት በጣም ተገርመው። "ሰው ለራሱ ይነሳል እንዴ?"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ነገ አሉ። በማግሥቱም ነገ አሉ። ብትለምናቸው፣ ሰናይት ብታለቅስባቸው፣ ደክሞኛል ብቻ ነው መልሳቸው። ሲስተር ጫልቱ ኮሪደር ላይ ጠርታኝ እንደ ወትሮዋ ሳትቆጣኝ ተናገረች፤ ያ ነው ይበልጥ ያስፈራኝ።

"ካልተነሱ ጡንቻቸው ይሟሽሻል። ጀርባቸው ይቆስላል። እንደተኙ ይቀራሉ ወንድሜ።"

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ያን ሁሉ ጊዜ ይወድቃሉ ብዬ ስሮጥ የኖርኩት በእግራቸው እንዲሄዱ ነበር። አሁን ሳይወድቁ፣ እጄ ላይ፣ ተኝተው ሊቀሩ ነው። የሚነሱለትን ሰው ሁሉ ያባረርኩባቸው ደግሞ እኔ ነኝ። አፈርኩ፤ ደግሞም ፈራሁ።

ስልኬን አወጣሁ። ሐጂ አማን ጋ ስደውል ሴት ልጃቸው አነሳችው። ሐጂ ወደ ሼክ ሁሴን መካነ መቃብር ተጉዘዋል፤ በሕይወት ላለ ሰው በማልቀሳቸው ደንግጠው ለጋሽ በላቸው ዕድሜ ሊለምኑ። አቶ ሽፈራው ጋ ደወልኩ። "ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ድንኳን የተከልኩባቸውን ሰው ምን ዓይን አለኝና ነው የማያቸው?" አሉኝ። የጎሮዎቹ ስልክ አይሠራም። መጨረሻ ላይ ሌላ በሽተኛ ሊጠይቅ ማር ይዞ ከሪራ የመጣ አንድ ጎልማሳ ኮሪደር ላይ አገኘሁና እጁን ያዝኩት።

"ወንድሜ፣ እባክህ፣ አንድ ሽማግሌ ጠይቅልኝ።"

"አላውቃቸውም እኮ።"

"እሱ ችግር የለውም። ብቻ ግባ።"

ሰውየው ደግ ነው፣ ገባ። ጋሽ በላቸው እንግዳ ሲያዩ ዓይናቸው በራ። ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፈፍ አደረጉ። ያ ደግ ሰው ግን የታመሙ ሽማግሌ ሲነሱ አይቶ ዝም ይላል? "አይገባም አባቴ! በእግዜር! ይተኙ፣ ይተኙ፣ እግዜር ይማርዎ!" ብሎ ማሩን እንደያዘ ወደ ኋላው ወጣ። ጋሽ በላቸው ብርድ ልብሱን መልሰው ለበሱ። በበሩ ቀዳዳ ይህን ሳይ ጸጉሬን ነጨሁ።

ቀረ የምለው ሰው ራሴው ብቻ ነበርኩ። እኔ ግን አልቆጠርም። ንቀውኝ አይደለም፤ አብሬያቸው ውዬ አድሬ የቤት ሰው ሆኜባቸዋለሁ፤ ለቤት ሰው ደግሞ አይነሳም። ሆኖም ሌላ መላ አልነበረኝም። ለሲስተር ጫልቱ ሐሳቤን ስነግራት እንደ እብድ አየችኝ፣ ግን መደገፊያውን ይዛ ገብታ ከአልጋው አጠገብ ቆመች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ፊቴን በእርጥብ እጄ ጠራረግኩ። ጃኬቴን እስከ አንገቴ ቆለፍኩ። ሳላንኳኳ ስገባበት የኖርኩትን በር አንኳኳሁ።

"ይግቡ" አሉ ከውስጥ።

"እንደምን ዋሉ ጋሽ በላቸው?"

ዞር ብለው አዩኝ። "ምን ረስተህ ነው?"

"ምንም አልረሳሁም። ልጠይቅዎ መጥቼ ነው።"

"አንተ?"

"እኔ። ከሮቤ።"

ስናገረው እንደ ቀልድ ነበር። ከአፌ ሲወጣ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ከአጠገባቸው ሳልለይ "እግርዎን ይመልሱ፣ ይዋጡት፣ እንዳይነሱ" ስል ኖርኩ እንጂ እንዴት ነዎት ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

"እንዴት ነዎት ጋሼ?"

"ፈራሁ ልጄ" አሉ። "አትነሳ አትነሳ ስትሉኝ፣ ኋላ ደግሞ ሬሳ ነህ ብላችሁ ስትመጡ፣ እውነትም የማልነሳ መሰለኝ።"

"እኔም ፈርቻለሁ" አልኳቸው። በሩ ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

እሳቸው ደግሞ አዩኝ። ሰው በራቸው ላይ ቆሟል። ጃኬቱን ቆልፎ፣ ሰላም ብሎ፣ ከሮቤ መጥቶ ቆሟል። ይህን ችለው መተኛት አቃታቸው። ብርድ ልብሱን ገለጡ። አንድ እግራቸውን አወረዱ፣ ያኛውን በእጃቸው ደግፈው አወረዱ። ሲስተር ጫልቱ መደገፊያውን አስጠጋች፣ እጇንም ከወገባቸው ኋላ አዘጋጀች።

"ኖር!" አሉኝ።

ትልቅ ሰው ገና ከመቀመጫው ሳይነሳ "በእግዜር" ማለት ያሳደጉኝ ሰዎች ያስተማሩኝ ነገር ነው። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። ጋሽ በላቸው እየተንቀጠቀጡ ተነሱ፤ ግንባራቸው ላብ አወጣ፤ ቀጥ አሉ። እኔ አሁንም ዝም።

"አንተ ልጅ፣ በእግዜር አይባልም እንዴ?"

"በእግዜር ጋሼ። ልሄድ ነው።"

ሲስተር ጫልቱ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ገባት መሰለኝ መደገፊያውን አስተካከለችላቸው።

"ሳትቀመጥ?" አሉ ጋሽ በላቸው።

"ቸኩያለሁ።"

"እንግዲያውስ ልሸኝህ።"

መደገፊያውን ወደፊት ገፋ አደረጉ። እግራቸው ተከተለ። እኔ ወደ በሩ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ባህሉ እንደሚያዘው "ይበቃል ጋሼ፣ ይመለሱ" እላለሁ፤ እሳቸውም ባህሉ እንደሚያዘው "ግድ የለም፣ እስከ በሩ" ይላሉ። ሲስተር ጫልቱ እንደ ጥላቸው ትከተላለች። በሩ ጋ ደረስን። ትከሻዬን በትከሻቸው ገጨት አደረጉት።

"በል ደህና ግባ። ሰናይትን ሳምልኝ።"

"እሺ ጋሼ።"

ኮሪደሩን ይዤ ሄድኩ። ዞር ስል አሁንም በሩ ላይ ቆመዋል። እንግዳቸው ከዓይናቸው ሳይሰወር አይገቡም፤ ኮሪደሩ ደግሞ ረጅም ነው፣ እግራቸው ገና ነው። ብዙ እንዳላቆማቸው ብዬ የተቀጠቀጠ መቀመጫዬን ይዤ እያነከስኩ ሮጥኩ። የጥበቃ ሠራተኛው እንባዬ ሲወርድ አይቶ መንገዴ ላይ ቆመ።

"ምነው? ምን ሆንክ?"

"ምንም አልሆንኩም" አልኩት። "ሸኝተውኝ ነው።"